ያበደረው ሰው ማን ነው?

በሱዳን ወሰን አቅራቢያ ባለችው በአብርሃ ጅራ ከተማ ክረምት ሲገባ ሁለት ሥራ ይበዛል፤ አረምና ውል። ሰሊጡ ከመሬት ብቅ እንዳለ ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ከተማዋን ይሞላታል። ባለእርሻውም ለአረሙ፣ ለአጨዳው፣ ለትራክተሩና ለብድሩ ወረቀት ያስጽፋል። ይህ ምልልስ የሚካሄደው ውል በሚጻፍባት አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው። አንዷ ተነጋጋሪ ውል ጸሐፊ ናት፤ ሌላው በልጅነቷ አማርኛ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሥርዓተ ነጥብ ይመስላል። ሥሩ ግን «የ» እና «የሚ» እያልን ስምን የምንገልጽበት ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ በውል ወረቀት ላይ ሲያሻማ የሰው ንብረት ያስወስዳልና ንግግራቸውን በሰፊው ጻፍሁት።

ጸሐፊዋ፦ መምህር፣ እንኳን መጡልኝ። ይቺን ወረቀት ይዩልኝ። ሌላ ቦታ የተጻፈች የብድር ውል ናት። ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው ለክሱ ገልብጪልን ብለው አመጡልኝ። አንዷ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

መምህሩ፦ እስቲ አንብቢልኝ።

ጸሐፊዋ፦ «ብሩን ያበደረው ሰው በሌለበት ሰሊጡ አይሸጥም።» ይቺው ናት።

መምህሩ፦ ማን በሌለበት?

ጸሐፊዋ፦ ጠቡም እሱ ነው። አበዳሪው «እኔ ሳልኖር አይሸጥ ማለት ነው፤ ዕዳዬን ከሽያጩ ላይ ልቀበል ነው የተዋዋልነው» ይላል። ተበዳሪው ደግሞ «እሱ ያበደረው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ በሌለሁበት ሰሊጤን በርካሽ እንዳይሸጥብኝ ያስገባሁት ቃል ነው» ይላል። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ መስመር ነው። ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት ይሆናል ብዬ «ያበደረው» ከሚለው ቀጥሎ ሞከርሁ፤ «ሰው» ከሚለውም ቀጥሎ ሞከርሁ። አልጠራ አለኝ።

መምህሩ፦ አይጠራም፤ ችግሩ ያለው ነጥቡ ላይ አይደለማ። «ያበደረው» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችውን «ው» ተመልከቻት። ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛው ሥራዋ «በሬው»፣ «ገበሬው» ስንል እንደምትሠራው ነው፤ የምናውቀውን ነገር ታመለክታለች። በዚህ ካነበብሽው «ያበደረው ሰው» ማለት አበዳሪው ነው። ሁለተኛው ሥራዋ «አበደረው»፣ «መታው»፣ «ጠራው» ስንል የምናገኘው ነው፤ ድርጊቱ የደረሰበትን ወይም የደረሰለትን ሰው ታመለክታለች። በዚህ ካነበብሽው «ያበደረው ሰው» ማለት እሱ ገንዘቡን የሰጠው ሰው፣ ማለትም ተበዳሪው ነው። ሁለቱም ንባብ ትክክለኛ አማርኛ ነው። ዳኛው ሰዋስው ቢያገላብጥ አንዱን ከሌላው አያስበልጥለትም።

ጸሐፊዋ፦ ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ስንግባባ ኖርን?

መምህሩ፦ ብዙ ጊዜ ጾታ ያድነናል። አበዳሪዋ ሴት፣ ተበዳሪው ወንድ ቢሆኑ «ያበደረችው ሰውዬ» ተብሎ ተበዳሪው ይታወቃል፤ «ያበደረችው ሴት» ካልሽ ደግሞ አበዳሪዋ ናት። አበዳሪው ወንድ ሆኖ ተበዳሪዋ ሴት ስትሆንም «ያበደራት ሴት» ማለት በቂ ነው። ሁለቱም ወንድ ሲሆኑ ነው መንገዱ የሚዘጋው። በዚህ አገር የብድር ውል የሚፈራረሙት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸውና መንገዱ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል። አክብሮትም ሲገባ እንዲሁ ነው። «ያበደሩት ሰው» ስትይ አንቱ የተባለው አበዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሆነው ያበደሩት አንድ ተበዳሪም ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊዋ፦ «የገደለው ሰው» የሚለውም እንደዚሁ ነዋ!

መምህሩ፦ እንደዚሁ ነው። «የገደለው ሰው ቤቱ ሩቅ ነው» ብሎ ምስክር ቃሉን ቢሰጥ የማን ቤት ነው? የገዳዩ ነው ወይስ የሟቹ? በአፍ ሲነገር ጠያቂው አቋርጦ «የቱ?» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ይለያል። ወረቀት ግን አይጠየቅም።

ጸሐፊዋ፦ ይሄ የሁሉም ቋንቋ ጣጣ ነው ወይስ የእኛ ብቻ? እኔ ዐረብኛውን ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ለሥራ ያህል እናገራለሁ። እነሱ ሰውዬውን መጀመሪያ ይጠሩና «አል» ብለው ይቀጥላሉ። በመጽሐፍ ዐረብኛ ደግሞ «አልለዚ» አለ።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፤ እነሱ ስሙን አስቀድመው መግለጫውን ያስከትላሉ። ግዕዛችንም እንዲሁ ነበር፤ «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል። ሰውዬው ይቀድማል፤ «ዘ» ታገናኛለች፤ ለሴት «እንተ»፣ ለብዙ «እለ» አለው። አማርኛ ይህን ሥርዓት ገለበጠው። «የመጣው ሰው» አለ። መግለጫው ከፊት፣ ስሙ ከኋላ። ለብቻው የቆመ አገናኝ ቃልም የለም፤ «የ» ከግሱ ጋር ተጣብቃለች። በዓለም ካሉት ቋንቋዎች ይህን ነገር እጅግ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ግን ዐረብኛም ግዕዝም አይደለም፤ ሂንዲ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ሂንዲ? ከየት አመጡት?

መምህሩ፦ ተማሪ ሳለሁ በየሁለተኛ ደረጃውና በየኮሌጁ ህንዳውያን መምህራን ብዙ ነበሩ። እኔንም ህንዳዊ አስተምሮኛል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ በሂንዲ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈና ያንኑ ከሥሩ በኡርዱ ደገመው። ሲነበብ «ጆ አድሚ ካል አያ ታ፣ ዎ ሜራ ባኢ ሄ» የሚል ነው። ቃል በቃል ቢፈታ «የትኛው ሰው ትናንት መጣ፣ እሱ ወንድሜ ነው» እንደ ማለት ነው። «ጆ» መግለጫውን ትከፍታለች፤ «ዎ» ተቀብላ ወደ ዋናው ነገር ታስገባለች። ሁለቱ ቃላት ከዳርና ከዳር ስለያዙት ማን ምን እንዳደረገ አይጠፋም።

ጸሐፊዋ፦ በኡርዱ ሲደግመው ምን ተለወጠ?

መምህሩ፦ ለጆሮ ምንም። ሰዋስዉ አንድ ነው። የሚለየው ፊደሉና ነጥቡ ነው። ሂንዲ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ከሳንስክሪት የወረሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰረዝ ነው። ነጠላ ሰረዙን ከእንግሊዞች ነው የወሰደው። ኡርዱ በዐረብ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ መዝጊያው በመስመሩ ላይ የተጋደመ አጭር ጭረት ነው፤ ነጠላ ሰረዙም የተገለበጠ ነው። ነጥቡ ይህን ያህል ተለያይቶ ትርጉሙ አለመናወጡን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሸክሙን የያዘው «ጆ» እና «ዎ» ስለሆኑ ነጥቡ ረዳት ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ፦ እኛ ግን ሸክሙን ለነጥቡ እንሰጠዋለን።

መምህሩ፦ የማይችለውን። ሌላም ነገር አለ። ሂንዲ «ወንድሜ፣ ዴልሂ የሚኖረው፣ ነገ ይመጣል» በሚል ቅርጽ ስሙን አስቀድሞ መግለጫውን በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል ሊያስገባው ይችላል። እንግሊዝኛም እንዲህ ያደርጋል። ነጠላ ሰረዙ ሲኖር መግለጫው ጭማሪ መረጃ ነው፤ ሲነሣ መለያ ይሆናል። እኛ ዘንድ መግለጫው ከስሙ ፊት ተጣብቆ ስለሚመጣ ነጠላ ሰረዝ የሚገባበት ክፍተት የለም።

ጸሐፊዋ፦ ጭማሪና መለያ ያሉትን በእኛ ሥራ ያሳዩኝ።

መምህሩ፦ የሠራተኛ ውል አለሽ?

ጸሐፊዋ፦ ሞልቷል። ይኸው፦ «ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ሂሳባቸው ቅዳሜ ይከፈላል።»

መምህሩ፦ እርሻው ላይ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ከደጋ የመጡ ናቸው? ወይስ የዚሁ አገር ልጆችም አሉ?

ጸሐፊዋ፦ ሁለቱም አሉ።

መምህሩ፦ እንግዲያው የዚህ አገር ልጅ ቅዳሜ ሊቀበል ቢመጣ «አንተን አይመለከትም፤ ከደጋ የመጡት ነው የሚለው» ይባላል። እሱም «ሠራተኞች ነው የሚለው፤ አብዛኞቻችን ከደጋ ስለመጣን ነው እንዲያ የተጻፈው» ይላል። አንዱ ሐረጉን መለያ አድርጎ፣ ሌላው ጭማሪ አድርጎ አነበበው። አሁን ነጠላ ሰረዝሽን አስገቢና እዪው።

ጸሐፊዋ፦ «ከደጋ የመጡት፣ ሠራተኞች ሂሳባቸው ቅዳሜ ይከፈላል።» ይሄማ ሁለት ወገን ሆነ! ከደጋ የመጡት አንድ፣ ሠራተኞች ሌላ።

መምህሩ፦ የእኛ ነጠላ ሰረዝ ዋና ሥራው መዘርዘር ነውና ዓይን ዝርዝር አድርጎ አነበበው። መፍትሔው ቃል ነው። ሁሉንም ከሆነ «ሠራተኞቹ በሙሉ ሂሳባቸው ቅዳሜ ይከፈላል» በይ፤ ከደጋ መምጣታቸውን ማንሳት ካስፈለገ በሌላ ዐረፍተ ነገር አንሺው። አንዱን ወገን ከሆነ «ከሠራተኞቹ መካከል ከደጋ የመጡት ብቻ» በይ። «ብቻ»፣ «በሙሉ»፣ «መካከል» የሚሉት ቃላት እንግሊዝኛ በነጠላ ሰረዝ የሚሠራውን ይሠሩልናል።

ጸሐፊዋ፦ ነጠላ ሰረዝ ጨርሶ አይረዳም እንዳይሉኝ ብቻ። እኔ ሲረዳ አይቻለሁ። «ከሱዳን የመጣው የትራክተሩ ባለቤት» የሚል ነበረ። የመጣው ትራክተሩ ነው ወይስ ሰውዬው? «ከሱዳን የመጣው፣ የትራክተሩ ባለቤት» ብዬ ስለየው ባለቤቱ መሆኑ ታየ።

መምህሩ፦ ይህን እቀበልሻለሁ። ቅርቡን ስም ዝለልና ወደ ሩቁ ሂድ ብሎ ያመለክታል። ሌላም ቦታ ይረዳል። «የ» ከመስተዋድድ ጋር ስትገናኝ ትዋጣለች፤ «ከየመጣው» አንልም፤ «ከመጣው» እንላለን። በዚህ ጊዜ «ከ» የሁኔታ ይሁን የመግለጫ አይለይም። «ሞተሩ ከተበላሸ ትራክተር ተከራይቶ ያርሳል» የሚለውን ሲያነብ ዓይን መጀመሪያ «ከተበላሸ ትራክተር» ብሎ ያገናኝና ይደናቀፋል። «ከተበላሸ» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ስታገቢ ይስተካከላል። ግን ልብ በዪ፤ በሁለቱም ምሳሌ ነጠላ ሰረዙ የረዳው ቃላቱ በምን ቦታ እንደሚቆረጡ ብቻ ስለተምታታ ነው። «ያበደረው» ላይ ግን የተምታታው ከቃሉ ውስጥ ነው። ቃል ውስጥ ነጥብ አይገባም።

ጸሐፊዋ፦ እውነቱን ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው ነጥብ የሚባለውን ጨርሶ ረስቶታል። አንድ ሙሉ ገጽ ማመልከቻ ያለ አንድ አራት ነጥብ ይመጣልኛል። «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም»፣ «እያለ»፣ «ሲሆን» እየተባለ ይቀጠላል። አራት ነጥብ የሚያስገባውም ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሚመስለው መስመር ሲያልቅ አንዱን ነጥብ እዚህ፣ ሌላውን ከታች ይጥለዋል።

መምህሩ፦ አራት ነጥብኮ የራሱ ቁጥር ያለው ምልክት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ሲገባ፣ በፈረንጆቹ 1999፣ ሁለት ነጥቡም፣ ነጠላ ሰረዙም፣ ድርብ ሰረዙም፣ አራት ነጥቡም ለየብቻቸው ተመዝግበዋል። በሦስት ነጥብ የሚጻፈው የጥያቄ ምልክትም ሳይቀር ገብቷል። ከተማሪ እስከ መሥሪያ ቤት ሁለት ሁለት ነጥብ እየደረደርን የምንጽፍበት ምክንያት የለም። ከድሮው ከጽሕፈት መኪናና ከቀደሙት የኮምፒውተር ፊደሎች የመጣ ልማድ ነው፤ ሊቀር ይገባል።

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ነጥቡ ራሱ በቃላት መካከል ነበር አይደል የሚገባው?

መምህሩ፦ በየቃሉ መካከል። ከዚያም በፊት በዐለት ላይ ሲቀረጽ ቃልን ከቃል የሚለየው ቀጥ ያለ ሰረዝ ነበረ፤ ያ የደቡብ ዐረብ ጽሑፍ ልማድ ነው፤ በአክሱምም አለ። በብራና ላይ ሁለት ነጥብ ሆነ። በዘመናችን ባዶ ቦታ ተካው፤ ይህ አያሳዝነኝም፤ ዓይን ለምዶታል። የሚያሳዝነኝ ሁለት ነጥቡ ሥራ ሲፈታ አንዳንዱ ሰው እንደ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዳንዱ እንደ ድርብ ሰረዝ እየተጠቀመበት መምጣቱ ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው፣ ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ያወጡትም እያሉ ይህ ነገር በወጉ የሚያስተምረው አጣ።

ጸሐፊዋ፦ ሰዋስው እንኳ ከዚያ በፊት ከውጭ ተጽፎ የለም እንዴ?

መምህሩ፦ አለ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ በ1698፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል። ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ አገር መነኩሴ ናቸው፤ ሮም ላይ ነው የተገናኙት። ይህን የማነሣው እንድንኮራበት ብቻ አይደለም። ከ300 ዓመት በፊት ሰው ቁጭ ብሎ የመረመረው ነገር ዛሬ ውል ጸሐፊ እጅ አለመድረሱ ያንገበግበኛል። ለውል የሚያስፈልገው ደግሞ ከባዱ ክፍል አይደለም። አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

ጸሐፊዋ፦ መምህር፣ እኔኮ ደንበኛ ያስጨንቀኛል። አጭር ስጽፍ ገንዘቤን በላሽ ይለኛል። ገጹ ካልሞላ፣ «የ» በ«የ» ላይ ካልተደረበ ሕጋዊ አይመስለውም።

መምህሩ፦ ለዚያ ነው ሕጉን ማሳየት ያለብሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ እንዲህ ይላል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ባለዕዳው ካላመነ ወይም በፍርድ ቤት መሐላ ካልሆነ ሊረጋገጥ አይችልም፤ ቁጥር 2472 ነው። ዛሬ 500 ብር ምን ይገዛል? ስለዚህ በዚህ አገር ያለው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በጽሑፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ሁለት ምስክር ካልፈረመበት ዋጋ የለውም ይላል። ቁጥር 1733ን አስታውሺ፤ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ሐሳባቸው ምን ነበር ብሎ በትርጉም ከቃሉ ሊወጣ አይችልም። በተቃራኒው ቃሉ ግልጽ ካልሆነ ትርጉም ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ገበሬው ምርቱን ትቶ ቀጠሮ ይመላለሳል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በሰዓቱ ካልታጨደ ከነቆቡ ተከፍቶ ይረግፋል።

ጸሐፊዋ፦ ያን ለደንበኛ እነግራለሁ። ግን የመንግሥት ወረቀቱስ? አዋጁም ረጅም ነው።

መምህሩ፦ ረጅም ነው፤ ለዚያም ጥንቃቄው ከእኛ የበለጠ ሊሆን ይገባዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም አማርኛውና እንግሊዝኛው ካልተስማሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። አንድ «የሚ» ወዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ የሚያስታርቅ ሌላ ቅጂ የለም ማለት ነው።

ጸሐፊዋ፦ በእርግጥ አንድ «የሚ» አገር ያህል ነገር ይወስናል?

መምህሩ፦ ይወስናል፤ ለዚያውም እዚሁ በደጃችን። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን የተፈራረሙትን ውል ታውቂዋለሽ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንቀጽ 1 በካርታ ላይ በቀይ የተሰመረውን መስመር ይዞ ከኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ዓባይ እያለ የሱዳንን ወሰን ይናገራል፤ ገላባት ማለት ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ያለችው ናት። አንቀጽ 3 ስለ ውሃ ነው። ምኒልክ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ምንም ሥራ አልሠራም ብለዋል?

ጸሐፊዋ፦ ሲወራ እንደዚያ ነው የምሰማው።

መምህሩ፦ አላሉም። ቃል የገቡት ከእንግሊዞች ጋር ሳይስማሙ ውሃውን የሚደፍን ሥራ እንዳይሠሩ ነው። እንግሊዝኛውም ፍሰቱን የሚያቆም ይላል። እዚህ ላይ «የሚደፍን» ጭማሪ መረጃ አይደለም፤ መለያ ነው። ከሥራ ሁሉ መካከል የሚደፍነውን ለይቶ ያወጣል። የሚያሳልፈውን፣ የሚቀዳውን፣ የሚያመነጨውን አይነካም። የኢትዮጵያ ሕግ ዐዋቂዎች ለዘመናት የተከራከሩት በዚህች ሐረግ ነው፤ ውሉ መድፈንን እንጂ መጠቀምን አልከለከለም እያሉ። በ2003 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲጀመርም ይኸው ውል ከታችኛው ተፋሰስ አገሮች ወገን ደጋግሞ ተጠቅሷል። ሐረጉን መለያ አድርጎ ላነበበ ሰው ግን መልሱ እዚያው አለ፤ ኃይል ለማመንጨት ውሃው በተርባይን ውስጥ አልፎ መውረድ አለበት፤ የሚደፍን ግድብ ኃይል አይሰጥም።

ጸሐፊዋ፦ ይሄን ትምህርት ቤት አልነገሩንም ነበር።

መምህሩ፦ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ቀኑን ያስተምራል፤ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ «የሚ» ያስተምራል፤ ሁለቱ አይገናኙም። እኔ ብሆን የአሥረኛ ክፍል ሰዋስው በዚህ አንቀጽ ነበር የማስጀምረው።

ጸሐፊዋ፦ ወደ እኔ ሥራ እንመለስ። የረዘመ ነገር ሲመጣብኝ ምን ላድርግ? ይኸው ይቺን ይስሙ፤ «አምና ከገንዳ ውኃ የመጣው ነጋዴ የገዛው ሰሊጥ የተከማቸበት መጋዘን ጠባቂ የፈረመበት ደረሰኝ»።

መምህሩ፦ ዋናው ነገር ደረሰኙ ነው፤ የሚገኘውም መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው እዚያ እስኪደርስ ነጋዴውን፣ ሰሊጡን፣ መጋዘኑን፣ ጠባቂውን ሁሉ ተሸክሞ ይጓዛል። እስቲ ይህንኑ ለእናትሽ እንደምትነግሪያት ንገሪኝ።

ጸሐፊዋ፦ ለእማማማ... «ያ ከገንዳ ውኃ የሚመጣው ነጋዴ አለ አይደል? እሱ አምና ሰሊጥ ገዛ። ሰሊጡ አንድ መጋዘን ገባ። የዚያ መጋዘን ጠባቂ ደረሰኝ ላይ ፈረመ። ይኸው ደረሰኙ።»

መምህሩ፦ አየሽ? «ያ ... አለ አይደል» ብለሽ ከፈትሽ፤ «እሱ» ብለሽ ተቀበልሽ። ሂንዲ በ«ጆ» እና በ«ዎ» የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ በአፉ ይህን መንገድ ሁልጊዜ ይሄድበታል። ወረቀት ሲይዝ ነው የሚተወው። ያን የብድር ውል ያስጻፈው ሰው ምን ብሎ ነበር የተናገረው ብለሽ ትገምቻለሽ?

ጸሐፊዋ፦ «እኔ ሳልኖር እንዳይሸጥ» ነው ያለው፤ አበዳሪውም ይሁን ተበዳሪው። «እኔ» ማለቱ አይቀርም።

መምህሩ፦ በአፉ ግልጽ ነበረ። ጸሐፊው ነው «ያበደረው ሰው በሌለበት» ብሎ ያደበዘዘው። ሕጋዊ እንዲመስል ብሎ የሰውየውን «እኔ» ወሰደበት። ሰሚው ቅኔ ፈቺ ከሆነ ኅብረ ቃል ያስደስተዋል፤ ውል ላይ ግን አንዱን ወገን ያከስራል።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፤ «እኔ» ብዬ ግን ውል አልጽፍም። ስሙን ልደጋግም? አበበ፣ አበበ፣ አበበ እያልኩ? ያስጠላል።

መምህሩ፦ ይደገም። ውል ለጆሮ ጣዕም አይጻፍም። ስም መድገም ካልወደድሽ ደግሞ ቋንቋው የማያሻማ ስም አዘጋጅቶልሻል። አበዳሪና ተበዳሪ፣ አከራይና ተከራይ፣ ሻጭና ገዢ፣ አሠሪና ሠራተኛ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች «አ» ሰጪውን፣ «ተ» ተቀባዩን ትለያለች፤ በቀሩት ደግሞ ስሙ ራሱ ይለያል፤ ስለዚህ «ው» የምታመጣው ችግር የለም። መጀመሪያ ላይ «አቶ አበበ፣ ከዚህ በኋላ አበዳሪ እየተባለ የሚጠራ» ብለሽ አንድ ጊዜ ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፊርማው ድረስ «አበዳሪ» ነው። «ያበደረው ሰው» የሚል ሐረግ በውሉ ውስጥ ዳግመኛ አይገባም።

ጸሐፊዋ፦ ያቺ መስመር እንግዲህ «አበዳሪው በሌለበት ሰሊጡ አይሸጥም» ትሆናለች፤ ወይም «ተበዳሪው በሌለበት»።

መምህሩ፦ ወይም «ሁለቱም ባሉበት ካልሆነ ሰሊጡ አይሸጥም»። ይህ ለሁለቱም ይበጃል። ግን አሁን የተጣሉበትን ወረቀት አታርሚው። ክስ ላይ ያለ ሰነድ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አትጨምሪበት። እንዳለ ገልብጪውና ይሂድ። የዛሬ ትምህርትሽ ለሚቀጥለው ውል ነው።

ጸሐፊዋ፦ ነጠላ ሰረዝ ልጨምርበት ነበር።

መምህሩ፦ ነጥብም ቢሆን ሰነድ ይለውጣል። አሁን ይህን ያዢ። አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት «የ» ተከታትለው ካገኘሽ አራት ነጥብ አስገብተሽ ክፈዪው፤ አዲሱን ዐረፍተ ነገር በስም ጀምሪው እንጂ በ«ይህም»፣ በ«እሱም» አትጀምሪው። ነጠላ ሰረዝን ለዝርዝርና «ከ» ላለበት የሁኔታ ሐረግ አስቀምጪው። ድርብ ሰረዝን ሁለት የተቆራኘ ሐሳብ ለማጣመር። የቀረውን ሥራ አራት ነጥብ ይሥራ። የአማርኛ ውል ከሁሉ የሚጎድለው እሱ ነው።

ጸሐፊዋ፦ የጎረቤት ጸሐፊዎችንም ሰብስቤ ቢነግሩን ይመጣሉ?

መምህሩ፦ አጨዳ ሳይጀመር ከሆነ እመጣለሁ። አጨዳው ከገባ ማናችሁም ጊዜ የላችሁም።

ንግግራቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ለአንባቢ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ውል ልትፈርሙ ስትቀመጡ ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። «ያበደረው»፣ «ያከራየው»፣ «የሸጠው» የሚል ቃል በሰማችሁ ቁጥር አስቁሙትና «ማን?» በሉት። መልሱ በስም ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ምስክሮቹ ተሰብስበው ቢጠብቁም እንኳ፣ አትፈርሙ።